ከበይሉል የመጣ ወሬ

ልጆቹን ያሳፈረው ሳንቡክ የሚሉት ባለሸራ መርከብ ሐሙስ ዕለት ከኤደን ተነሥቶ፣ ነፋሱ ከረዳው ዓርብ፣ ቢዘገይ ቅዳሜ አሰብ መግባት ነበረበት። እሑድም ሰኞም አልፈው ማክሰኞ ነጋ። ከባሕሩ ላይ ነጭ ሸራ ብቅ ባለ ቁጥር የወደቡ ሰው ሥራውን አቁሞ እጁን በግንባሩ ላይ ያደርጋል። ሸራው ቀርቦ የዓሣ አጥማጅ መሆኑ ሲለይ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ሳይተያይ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እቴናት ግን ወደምን ትመለስ? በሳንቡኩ ላይ ካሉት ልጆች አንዱ ሣህሉ የእርሷ ነው። ሌላ ልጅ የላትም።

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. በወርኃ ጥር ነው። የስዌዝ መንገድ ተዘግቶ በአሰብ ወደብ መርከብ ብርቅ የሆነበት ጊዜ ነበር። ክሬኖቹ እንደ ቆሙ ይውላሉ፤ ተሸካሞቹ በመጋዘን ጥላ ሥር ተኝተው ያንኮራፋሉ። በዚያ ሥራ ፈት ሰሞን የከተማው ልብ በአንድ ነገር ላይ ዐረፈ፤ እርሱም በኤደን የሚደረገው የወደብ ከተሞች የወጣቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና ነበር። ኤደን፣ ጅቡቲ፣ በርበራ፣ ምጽዋና አሰብ ዕድሜያቸው ከዐሥራ ስምንት ያልበለጠ ልጆቻቸውን ልከው ለአንድ ዋንጫ ሊጋጠሙ ነው። አሰብ ከጨውዋና ከሙቀቷ በቀር ስሟ በሌላ አገር ተጠርቶ ስለማያውቅ፣ ጨው ጫኙም ባለሱቁም መምህሩም ልጆቹን የየራሱ አድርጎ ቆጠራቸው።

እቴናት የመንዝ ሰው ናት። ባሏ ሀብቴ ፌዴሬሽኑ በታወጀ ጊዜ ለጉምሩክ ሥራ ወደ አሰብ ሲዛወር አብራው ወረደች እንጂ፣ ባሕርን ቀድሞ አይታው አታውቅም። ካየችው በኋላም አልወደደችውም። ዳር የለውም፤ ሌሊት ይተነፍሳል፤ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ያገሯን ተረት በየማለዳው ያስታውሳታል። ስለዚህ ሣህሉን ከጉልበቱ በላይ ወደ ውሃ እንዳይገባ በቅዱስ ሚካኤል ስም አስምላዋለች። ልጁም መሐላውን ጠበቀ። የአሰብ ልጆች ሁሉ እንደ ዓሣ ሲዋኙ፣ እርሱ ልብሳቸውን ይዞ ዳር ላይ የሚቀመጥ ሆነ።

አንድ ሌላ ነገርም ከእናቱ ተቀብሏል። ገና በመንዝ ሳሉ፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ ሕፃኑ ሣህሉ ከአልጋ ሥር ይገባ ነበር። ያን ጊዜ እቴናት ትንሿን እጁን ይዛ ጣቶቹን አጠፈችለትና፣ «አውራ ጣትህን በጡጫህ ውስጥ ደብቃት። የቤቱ ጌታ እርሷ ናት። ነጎድጓዱ መጥቶ እርሷን ካጣት፣ ሰው የለም ብሎ ያልፋል» አለችው። ልጁ አደገ፤ ድምፁ ጎረነነ፤ በቡድኑ ውስጥ የግራ ክንፍ ሆነ። አንድ ሌሊት የመርከብ ጡሩንባ ሲጮኽ እጁን በብርድ ልብሱ ሥር ሲጨብጥ ግን አይታዋለች። ለማንም አልተናገረችም። እርሱም ለማንም እንደማይናገር ታውቃለች። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ከሚናገር ቢሞት ይመርጣል።

ሲሄዱ የተሳፈሩት በእንፋሎት መርከብ ነበር። ከተማው ሁሉ ሊሸኛቸው ወጣ። ሣህሉ ባዶ እግሩን እንዳይሄድ፣ ሀብቴ የቢሮ ጫማውን ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ ታኬታ አስመትቶለት ነበር፤ ጫማው ግን ከልጁ እግር በብዙ ይበልጣል።

«ሣህሉ! ጫማህ ቀድሞህ ኤደን ይገባል!» ብሎ ጮኸ አንዱ ተሸካሚ።

«ተወው፤ መርከቡ ቢሰጥም በአንደኛው እርሱ፣ በሁለተኛው መሪያቸው መምህር አሥራት ይሳፈራሉ» አለ ሌላው፤ ሰውም ሳቀ።

እቴናት አልሳቀችም። ይህንን አይቶ ኑህ የሚባለው ልጅ ወደ እርሷ መጣ። ኑህ የባለሱቁ የይመር ልጅ ነው፤ የቡድኑ በረኛ፣ ረጅም፣ እጁ ሰፊ፣ አፉ ቀልድ የማያጣ።

«እትዬ እቴናት፣ ምን ያስለቅስዎታል? ባሕር ውስጥ ቢወድቅ እኔ እይዘዋለሁ። በረኛ ነኝ እኮ!»

«አምና ጅቡቲዎች መጥተው ሦስት ሲያገቡብህ የት ነበርክ?» አለው ሣህሉ።

«ፀሐይ ዐይኔ ውስጥ ገብታ ነበር። ባሕር ውስጥ ደግሞ ፀሐይ የለም።»

እናቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እቴናትም በመጨረሻ ሳቀች።

ከኤደን ቴሌግራም መጣ። «ሁለተኛ ወጥተናል። መርከቡ ስለ ቀረ ሐሙስ በናኹዳ ፈረጅ ሳንቡክ እንነሣለን» ይላል፤ ናኹዳ የሚባለው የሳንቡክ አዛዥ ነው። በዚያ ቀን በአሰብ መንገድ ላይ ከበሮ ተመታ። ዓርብ ሌሊት ግን አዝየብ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ተነሣ። ቆርቆሮውን ከጣሪያ እየነቀለ፣ አሸዋውን በበር ሥር እያስገባ፣ እስከ እሑድ ጧት ሳያባራ ነፈሰ። ከበሮ የመቱት ሰዎች ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ አላነሡም።

ማክሰኞ ጧት ሀብቴ ከወደቡ ሰዎች ጋር በሞተር ጀልባ ፍለጋ ወጣ። ሳንቡኩ የሚመጣው ከደቡብ ስለሆነ የሄዱት ወደ ደቡብ ነው። እቴናት ብቻዋን ቤቷ መቀመጥ ስላልቻለች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ይመር ሱቅ ሄደች።

ይመር ከወሎ ወርዶ፣ ለአፋሮች ዱቄትና ስኳር ትምባሆም እየሸጠ በአሰብ የሸመገለ ሰው ነው። ሚስቱ አሊማ በእናቷ አፋር ናት፤ ለኑህም አፋርኛ ከጡት ጋር የጠጣው ቋንቋ ነው። ይመር ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ አንድም ገዢ ሳይኖር ሚዛኑን በጨርቅ ይወለውላል።

«ይቀመጡ እትዬ እቴናት። ከግድግዳ ጋር ተፋጦ መዋል ምን ያደርጋል፤ እርሱ እንደሆነ አይመልስ።»

«አሊማስ?»

«ጓዳ ናት። ያጠበችውን ዕቃ ደግማ ታጥባለች። ከትናንት ጀምሮ አንዷን ድስት ብቻ አራት ጊዜ አጥባለች።» የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ ከኪሱ አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። «ፈረጅ ባሕሩን ከሚስቱ ይበልጥ ያውቀዋል። ሚስቱማ ስንት ጊዜ አታልላዋለች።»

ብቻውን ሳቀ። ሳቁ ባንኮኒው ላይ ወድቆ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ከበር ውጭ ግመል አጓራ። አንድ ቀጭን ረጅም አፋር፣ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሁመድ ይባላል፤ የበይሉል ሰው ነው፤ በየጊዜው ሰሌን ጭኖ እየመጣ በዱቄት ይለውጣል። ይመር ሰላም ሊለው ቀና ሲል በበሩ በኩል ግመሉን አየና ዐይኑ እርሱ ላይ ቀረ። በግመሉ ላይ ምንም ጭነት አልነበረም። ሁመድ ከበይሉል ባዶውን መጥቶ አያውቅም።

በእቴናትም ራስ ውስጥ ያን ጊዜ አንድ ነገር በራ። ነፋሱ የደቡብ ነፋስ ነበር። ሳንቡኩን ከአሰብ አሳልፎ ወስዶት ከሆነ፣ የሚወስደው ወደ ሰሜን ነው፤ በሰሜን ያለው ደግሞ በይሉል ነው። ባሏና የወደቡ ሰዎች የሄዱት ለበይሉል ጀርባቸውን ሰጥተው ነው።

ሰላምታው ረዘመ። አሊማ ከጓዳ ወጥታ ለእንግዳው ውሃ ሰጠችና ተመለሰች። ሁመድ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ይመርም ከባንኮኒው ወጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ዳጉ ሊያወራ ነው» አላት ይመር ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአፋር ሕግ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸውን በተርታው ይሰጣጣሉ። ነፋሱ፣ ሣሩ፣ ከብቱ፣ ከዚያ በኋላ ሰው። ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። እኔ ቃል በቃል እነግርዎታለሁ። እርስዎ ግን በመካከል አንዲት ጥያቄ አይጠይቁት። የተቆረጠ ወሬ ውሸት ይወልዳል ብለው ያምናሉ፤ ከቆረጡት ይነሣል።»

«እሺ» አለች።

ሁመድ ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀመረ፤ ይመርም ከሥር ከሥሩ ወደ አማርኛ መለሰው። ነፋሱ እንዴት እንደ ነፈሰና እንዴት እንደ ወደቀ ተናገረ። በመንገዱ ላይ ሣር እንደሌለ፣ ግመሎች እሾህ እንደሚበሉ ተናገረ። ጅብ ስለ ወሰዳት ፍየል፣ ፍየሏም የማን እንደ ነበረች ተናገረ። ድምፁ አይወጣም አይወርድም። እቴናት ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። የሰው ፍየል ምን አገባት? የጅቡ ጥጋብ ምን አገባት?

«ከበይሉል በታች በባሕሩ ዳር አንዲት ኳስ አየሁ» አለ ይመር፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «ከቆዳ የተሰፋች ናት። ብቻዋን ነበረች። ውሃው ያመጣታል፣ ይወስዳታል…»

«ልጄስ?» እቴናት መነሣቷን አላወቀችም። የሁመድን ልብስ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። «ልጄስ? አለ ወይስ የለም? እርሱን ብቻ ንገረኝ!»

ሁመድ እጇን ቀስ አድርጎ ከልብሱ ላይ አነሣው፤ ቁጣ በፊቱ ላይ አልነበረም። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ።

«እትዬ እቴናት…» አለ ይመር። ከኋላው ተከትሎ በአፋርኛ ለመነው። ሁመድ የግመሉን ልጓም ይዞ ወደ ባሕሩ ይመለከታል።

እቴናት ከበሩ ላይ ቆማ ሁለቱን አየች። ሬሳ ያላገኙ ሰዎች በመንዝ እንዴት እንደሚኖሩ ታውቃለች፤ በየመንገዱ መታጠፊያ የሚጠብቁ፣ እስከ እርጅናቸው በር የማይቀረቅሩ። ያ ሰው የግመሉን ልጓም ስቦ ከሄደ፣ እርሷም ከእነርሱ አንዷ ልትሆን ነው። ወደ ውጭ ወጥታ፣ በፀሐዩ ላይ፣ ከግመሉ እግር ፊት፣ ጨው በተቀላቀለበት አሸዋ ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አደረገች። እንደዚያ ሆና ወደ ሁመድ ቀና ብላ ተመለከተች።

ሰውዬው ለብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ ልጓሙን ለቀቀና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ይጀምራል» አለ ይመር፣ አጠገባቸው እየተቀመጠ። «በስመአብም ይበሉ፣ ምንም ይበሉ፤ በልብዎ ይሁን።»

ነፋሱ ደግሞ ነፈሰ፤ ደግሞም ወደቀ። ሣር አልነበረም። ግመሎቹ እሾህ በሉ። ፍየሏ በጅብ ተወሰደች። እቴናት በዚያ ጧት ያችን የማታውቃትን ፍየል ሁለት ጊዜ ቀበረቻት፤ በሁለተኛው ግን የእያንዳንዱን ቃል እግር እየተከተለች ሄደች። ኳሷ በባሕሩ ዳር ነበረች። ነጠላዋን አጥብቃ ነከሰች።

«የተሰበረ ሳንቃ አየሁ። ሸራ አየሁ፤ ተቀዷል። በአሸዋው ላይ እግር አየሁ። ጫማ ያደረገም ያላደረገም ነበር። ወደ በይሉል ጉድጓድ ይሄዳል።» ሁመድ ትንሽ ዐረፈ። «እስከዚህ ያልኩት ያየሁትን ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው የሰማሁትን ነው። የነገረኝ በጉድጓዱ አጠገብ ያገኘሁት አንድ የደገኛ ልጅ ነው። አፋርኛው ያነክሳል፤ ቃል ሲያጣ በእጁ ያሳይ ነበር።»

ይመር ይህን ተርጉሞ ሲጨርስ ሙስበሃው በእጁ ላይ ቆመ። እቴናት አየችው፤ ለምን እንደ ቆመ ግን አላስተዋለችም። አፋርኛቸው የሚያነክስ የደገኛ ልጆች በቡድኑ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ የእርሷም ልጅ አንዱ ነው። ከብዙዎቹ አንዱ ድኗል ማለት ነው። ማንኛው?

«አሊማ!» ብሎ ተጣራ ይመር ወደ ቤቱ። «ይህ ውሃ ሞቋል። ገንቦዋን ይዘሽ ከቦቴው ቀዝቃዛ አምጪለት።»

«ቦቴው እኮ መስጊዱ ጋ ነው የቆመው።»

«ቢሆንም ሂጂ።»

አሊማ ገንቦዋን አንሥታ በአጠገባቸው አለፈች። የሁሉንም ፊት አየች፤ ወሬ መሆኑን ስላወቀች ግን አፏን አልከፈተችም። ይመር ጥላዋ ከማእዘኑ እስኪሰወር ጠበቀ። ከዚያ ለሁመድ ራሱን ነቀነቀለት።

«ሰዎቹ በእንግሊዞች ከተማ፣ በኤደን ዐረፉ» አለ ሁመድ በይመር አፍ። «ከአምስት ከተማ የመጡ ነበሩ። በመካከላቸው ደም የለም፤ ከብትም አልተዘራረፉም። አንዲት ኳስ ነበረቻቸው። እርሷንም ያሸነፈው ወደ ቤቱ አይወስዳትም። ታዲያ ስለምን ተጋደላችሁባት ብዬ ጠየቅሁት። ልጁም አስቦ አስቦ አላውቅም አለ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይመር በዚህ ቃል ሳቁን ባልቻለውም ነበር። አሁን ግን እንደ ምስክር ቃሉን ብቻ ሰጠ።

«በመጀመሪያ በርበራን አሸነፉ። ቀጥሎ ጅቡቲን። በረኛቸው ሰፊ እጅ አለው፤ ከእጁ የሚያመልጥ የለም። በመጨረሻው ቀን ከኤደን ልጆች ጋር ተገናኙ። ኤደን አንድ፣ አሰብ አንድ አገቡ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ዳኛው ፊሽካ ነፋ። አንድ የአሰብ ልጅ፣ ብቻውን፣ በኤደን በረኛ ፊት ቆሞ እንዲመታ ተፈረደ። ፍርዱን ሪጎሬ ይሉታል።»

እቴናት የማታውቀው ጨዋታ፣ ያላየችው ሜዳ፣ የማታውቀው ሕዝብ በፊቷ ቆመ።

«የሚመታው ልጅ ጫማው የአባቱ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ። ልጁ ፈራ። እጁን ማንም እንዳያይ ወደ ኋላው አደረገና፣ አውራ ጣቱን በጡጫው ውስጥ ደበቃት። ይህም እናቱ ለነጎድጓድ ብላ የሰጠችው ነው። ለጓደኞቹ ነግሯቸው አያውቅም። ለእኔ የነገረኝ ዳጉ ስለሆነ ነው፤ በዳጉ አይደበቅም።»

የእቴናት ነጠላ ከአፏ ወደቀ። ይህን ያለው ሣህሉ ነው። ከሣህሉ በቀር በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ለዚህም ሰው በገዛ አፉ ነግሮታል። ልጇ በበይሉል ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሕያው ሆኖ፣ በሚያነክስ አፋርኛ እናቱን አንሥቷል። አሸዋውን በሁለት እጇ ዘገነች፤ እልል እንዳትል፣ ሁለተኛ እንዳትቆርጠው ፈራች። ደስታዋን የምታካፍለው ሰው ስትፈልግ ወደ ይመር ዞር አለች።

የይመር ፊት የሰው ፊት አልመሰላትም። ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል፤ ጣቱ በዚያችው በአንዲት የሙስበሃ ፍሬ ላይ እንደ ቆመች ነው።

ያን ጊዜ ገባት። ለአንድ አፋር ወሬ የሚሰጥ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ፣ አፋርኛን ከእናቱ ጡት የጠጣ ልጅ በመካከላቸው ሳለ፣ ስለምን አፋርኛው የሚያነክሰው ሣህሉ ተናገረ? ኑህ የት ሆኖ? ይመር ይህን ጥያቄ ከእርሷ አስቀድሞ፣ ገና «ያነክሳል» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ጠይቆታል። አሊማን ያሰናበታት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በርበራንም ጅቡቲንም የተረጎመው ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ ነው።

የእቴናት ፍርሃት አልሄደም። ቦታውን ብቻ ለወጠ። አሁን የምትፈራው ለአጠገቧ ሰው ነበር፤ ሁመድም እንዳይቀጥል፣ ፍየሏ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ ኤደን ላይ ዘላለም እንዲቆይ በልቧ ለመነች። ዳጉ ግን አይቆምም።

«ኳሷ ከእንጨቱ ጋር ተጋጭታ ተመለሰች። ኤደን በኋላ አገባ፤ ዋንጫውም በኤደን ቀረ። ልጆቹ በሳንቡክ ተሳፈሩ። ነፋሱ ከበረታ በኋላ ናኹዳ ፈረጅ የአሰብን መብራት አየው፤ ሊገባ ግን አልቻለም። ነፋሱ ገፋው። በጨለማ ከበይሉል በታች ያለው ድንጋይ ሳንቡኩን ሰበረው። ሁሉም ውሃ ውስጥ ገቡ። የነገረኝ ልጅ ዋና አያውቅም፤ እናቱ ባሕርን ከልክላዋለች።»

ይመር ይህን ሲተረጉም እቴናትን አላያትም። እርሷ ግን አንገቷን ደፋች።

«በረኛው የቡድናቸውን ኳስ በክንዱ ሥር አድርጎ ይዋኝ ነበር። የዚህን ልጅ ጩኸት ሰማ። ‹ያዝ!› ብሎ ወረወረለት። ልጁ ኳሷን በደረቱ አቀፋት፤ ማዕበሉም…» ይመር ቆመ። ሁመድ ጠበቀው። ይመር ቃሉን ደገመው። «ማዕበሉም አወጣው። ያየኋት ኳስ እርሷ ናት። ልጁ ዳር ሲደርስ ጥሏታል፤ ዳግመኛ አልነካትም አለኝ።»

«በረኛው ወደ ሳንቡኩ ተመለሰ። የመምህሩ እግር በሳንቃ ተይዞ ነበር። መምህሩ ወጣ። በረኛው አልወጣም።»

ከሩቅ ከወደቡ በኩል ሰንሰለት ሲጎተት ይሰማል።

«በማግስቱ ባሕሩ መለሰው። የበይሉል ሰዎች አጠቡት፤ ከፈኑት። ናኹዳው አሰገደበት። ከመቃብሩ ራስጌ ያለውን ድንጋይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ይህ የሰማሁት አይደለም፣ ያየሁት ነው። የቀሩት ሁሉ በጉድጓዱ አጠገብ ናቸው። ወተት ጠጥተዋል። ግመል እየተዘጋጀላቸው ነው። አባቱ በሱቁ እንዳለ ስለማውቅ ጭነት ሳልጭን መጣሁ። ወሬዬ ይህ ነው።»

ይመር የመጨረሻዋን ቃል ሳያጎድል ተረጎመ። «ወሬዬ ይህ ነው» ካለ በኋላም ከንፈሩ ለጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁመድ ዱላውን መሬት ላይ አስተኛ። እቴናት ፍየሏ፣ ሣሩና ጅቡ ስለምን እንዳስፈለጉ በዚያች ሰዓት አወቀች። ሬሳ ከቃሬዛ ላይ ተወርውሮ አይወርድም፤ ብዙ ሰው ይዞት ቀስ ተብሎ ነው። ይህ ሰው ብቻውን ስለነበረ ነፋሱንና ከብቱን ረዳት አድርጎ አወረደው።

«ጋሽ ይመር…» አለች።

ይመር በእጁ ዝም እንድትል አሳያት። ሕጉ አላለቀም ነበር። ወሬ የተቀበለ ሰው ወሬ መመለስ አለበት፤ ሁመድም ይህንኑ እየጠበቀ ነው። ይመር ጀርባውን ቀና አደረገና በአፋርኛ ጀመረ።

እቴናት ቃሉን አላወቀችውም፤ ተርታውን ግን አሁን ታውቀዋለች። እጁን ወደ ደቡብ ሲዘረጋ ነፋሱ ነው። ወደ ጣሪያው ሲያመለክት የተነቀለው ቆርቆሮ ነው። ቀጥሎ የዱቄቱንና የስኳሩን ነገር፣ በወደቡ መርከብ የመጥፋቱን ነገር ተናገረ። ድምፁ አይወጣም አይወርድም። የሚሄድበትን ታውቃለች፤ ነፋስ፣ ከብት፣ ገበያ፣ ከዚያ በኋላ ሰው። በአሰብ ከተማ አንድ ሰው አለ፤ ይመር ይባላል፤ ኑህ የሚባል ልጅ ነበረው።

አሊማ በማእዘኑ በኩል ብቅ አለች። ገንቦዋን በወገቧ ላይ ይዛ ነበር፤ ውሃው እየፈሰሰ ቀሚሷን አርሷል። ባሏ በፀሐይ ላይ ተቀምጦ ወሬ ሲሰጥ ሰማች። አፋርኛ የእናቷ ቋንቋ ነው። ሁለት ርምጃ ሄዳ ቆመች። እቴናትን፣ ሁመድን፣ መሬት ላይ የተኛውን ዱላ አየች። ልትጠይቅ አፏን ከፈተች።

እቴናት ተነሥታ ደረሰችባት። ገንቦዋን ከእጇ ተቀበለቻትና አሸዋው ላይ አስቀመጠችው።

«ዳጉ ነው» አለቻት በጆሮዋ። «እስኪያልቅ ከእኔ ጋር ተቀመጪ።»

አሊማ ተቀመጠች። እጇ ከገንቦው ርጥበት ቀዝቅዞ ነበር። እቴናት ያን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችላት፤ አውራ ጣቷንም ወደ ውስጥ አስገብታ ሸፈነችላት። ይመር ገበያውን ጨረሰ። ትንሽ ዐረፈ፤ ወደ ሰው ሊገባ ነው።